ውሻችን ተሰርቆ ኮምቦልቻ ተገኘ፤ ቺፕ ቢኖረው ኖሮስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው። መቻል የሚባል የአራት ዓመት ጀርመን ሸፐርድ ውሻ አለን። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት የግቢው በር ሳይዘጋ አድሮ ጠዋት ስንነሳ የለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የባለቤቴ ጓደኛ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ታስሮ አየው። ሄድን። ሰውየው “ገንዘቤን ከፍዬ ነው የገዛሁት፤ የእናንተ መሆኑን በምን ልወቅ?” አለን። ውሻው ግን ልጄን ሲያይ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ደረሰ። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዳችን “እዚህ ቆዳው ሥር ቺፕ ይቀበርለታል፤ ቢጠፋ በስልክ ይገኛል” አሉን። እውነት ነው? እኛ ጋስ ይጠቅማል? አያሳምመውም? አሁንስ መቻልን እንዴት እናስመልሰው? ሁለት ድመቶችም አሉን።

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ አብሽሩ። መቻል በሕይወት አለ፤ ያለበት ግቢም ታውቋል። እኔ ጋ ውሻ ጠፋብን ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ይህን ያህል ወሬ እንኳ ሳያገኙ ነው የሚቀሩት።

ዘመዳችሁ ከነገሯችሁ ግማሹ እውነት ነው። ቺፑ ቆዳ ሥር ይቀበራል። ቢጠፋ በስልክ ይገኛል የሚለው ግን ስሕተት ነው። ይህን ስሕተት ደጋግሜ ስለምሰማው አስቀድሜ እሱን ላጥራ፤ ወደ መቻል ጉዳይ እመለሳለሁ።

ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ የሚያህል የመስታወት ብልቃጥ ነው፤ ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዚያ ያነሰም አለ። ውስጡ እንደ ክር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ጥቅልና አንድ ቁጥር የያዘች ኤሌክትሮኒክ ቅንጣት አለች። ባትሪ የለውም፣ ሲም ካርድ የለውም፣ ከሳተላይትም ጋር አይገናኝም። ቆዳ ሥር ተኝቶ ዝም ይላል። የሚናገረው አንድ ሰው ማንበቢያውን አስጠግቶ ሲያበራበት ብቻ ነው። ማንበቢያው በ134.2 ኪሎኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሽቦው ከዚያ ሞገድ ቅንጣት ታህል ኃይል ይወስዳል፤ በዚያችው ኃይል ቺፑ 15 አሃዝ ያለው ቁጥሩን መልሶ ይልካል። ይህ የሚሆነው ማንበቢያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ነው፤ ውሻው ደሴ ሆኖ ማንበቢያው ኮምቦልቻ ቢሆን አይደለም፣ ግቢው በር ላይ ቆመውም አይነበብም። ባትሪ ስለሌለው ግን አልቆ የሚጠፋ ነገር የለውም። በቡችላነቱ የገባለት ውሻ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይዞት ይኖራል።

“በስልኬስ ባነበው?” የሚለኝም ብዙ ነው። አይቻልም። ካርድ ጠጋ ሲደረግላቸው የሚያነቡ ስልኮች የሚሠሩት በ13.56 ሜጋኸርትዝ ነው፤ የእንስሳት ቺፕ በጣም ዝቅ ባለ ሞገድ ስለሚሠራ ስልክና ቺፕ አይሰማሙም። ለብቻው የተሠራ ማንበቢያ የግድ ያስፈልጋል።

ያለበትን ቦታ የሚነግር መሣሪያ ሌላ ነው፤ አንገት ላይ የሚታሰር ጂፒኤስ ይባላል። ባትሪው በየጊዜው መሞላት አለበት፣ ሲም ካርድና ኔትወርክ ይፈልጋል። ለሚባዝን ውሻ ጥሩ ነው። ሌባ ግን መጀመሪያ የሚያወልቀው የአንገት ማሰሪያውን ነው። ቺፑን አያየውም፣ ቢያውቀውም በቀላሉ አያወጣውም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ቺፑ ውስጥ የእርስዎ ስም የለም። ስልክ ቁጥርዎ የለም፣ የቤት ቁጥር የለም፣ የክትባት ቀን የለም። ያለው ያ 15 አሃዝ ብቻ ነው። የመኪና ሰሌዳን ያስቡት፤ ሰሌዳው ላይ የባለቤቱ ስም አልተጻፈም፣ ባለቤቱን የሚያውቀው የመንገድ ትራንስፖርት መዝገብ ነው። መዝገቡ ከጠፋ ሰሌዳው ቆርቆሮ ነው። ቺፕም ሲተከል ቁጥሩ ከእርስዎ ስም ጋር አንድ ቦታ ላይ ካልተጻፈ ውሻው መስታወት ተሸክሞ ይዞራል እንጂ ለማንም ምንም አይነግርም።

ይህን ከራሴ አእምሮ ያወጣሁት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። በአሜሪካ 23 ግዛቶች ውስጥ ባሉ 53 የእንስሳት ማቆያዎች የገቡ ቺፕ ያላቸው 7,704 እንስሳትን ተከታትለዋል። ባዝነው ከተገኙት ባለ ቺፕ ውሾች 52.2 በመቶው ወደ ባለቤታቸው ተመልሰዋል፤ ቺፕ ያለውም የሌለውም ባንድነት ሲቆጠር የሚመለሰው 21.9 በመቶ ነበር። የድመቶቹማ ልዩነት ያስደነግጣል፤ ባለ ቺፕ ከሆኑት 38.5 በመቶ፣ በጠቅላላው ግን 1.8 በመቶ ብቻ። እንግዲህ ቺፕ ይጠቅማል ማለት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ያልተመለሱት ጉዳይ ነው። ቺፕ እያላቸው ባለቤታቸው ሊገኝ ካልቻለው እንስሳት 35.4 በመቶው የቀሩት የተመዘገበው ስልክ የተሳሳተ ወይም የተቋረጠ ሆኖ ነው። ቺፑ ሠርቷል፣ ማንበቢያው ሠርቷል፣ መዝገቡም ተገኝቷል፤ ስልኩ ግን አይነሳም።

እኛ ጋ ሰው ስልክ ቁጥር እንዴት እንደሚቀያይር ያውቁታል። ሲም ይጠፋል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ቁጥሩ ተቋርጦ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። ስለዚህ እኔ ሳስመዘግብ ሁልጊዜ ሁለት ስልክ እጠይቃለሁ፤ አንዱ የባለቤቱ፣ ሌላው ቁጥሯን የማትቀይር እህት ወይም እናት። ብዙ ጊዜ ደውዬ የማገኛቸው በእናት ቁጥር ነው።

መዝገቡ ያለበት ቤትም ራሱ ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ የቺፕ መዝገብ ይዞ የነበረ አንድ ድርጅት በድንገት ሥራ አቁሟል። ቺፖቹ እንስሳቱ አንገት ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ቁጥራቸውን ከሰው ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ግን ከድርጅቱ ጋር ስለሄደ ባለቤቶቹ ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ማስመዝገብ ነበረባቸው። ለዚህ ነው ቁጥሩ ከአንድ በላይ ቦታ ይጻፍ የምለው።

ወደ ደሴ እንምጣ። እዚያ አሜሪካ የባዘነ ውሻ የሚወሰድበት ማቆያ አለ፤ እንስሳው እንደገባ ማንበቢያ ያልፍበታል፣ ቁጥሩ ከተገኘ ይደወላል። እኛ ጋ ግን ውሻ የት ይሄዳል? መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ወደ ግቢው ያስገባዋል፤ ወይ አስሮ ያሳድረዋል፣ ወይ ይሸጠዋል። ማንም ወደ ክሊኒክ ወስዶ “እስቲ ቺፕ ካለው አንብቡልኝ” አይልም። የውሻና የድመት ቺፕ የሚመዘገብበት አገር አቀፍ መዝገብም የለንም። ለውጭ ገበያ የሚሄዱ ከብቶች የጆሮ መለያ ይደረግላቸዋል፤ ለግቢ ውሻ ግን እንዲህ ያለ አሠራር የለም። ስለዚህ “ቺፕ ካስገባችሁለት ቢጠፋ ይመለስላችኋል” ብዬ ቃል አልገባላችሁም፤ ገንዘብ ተቀብዬ ቃል ብገባ ውሸት ይሆንብኛል።

ታዲያ ምን ይሠራል? ይመሰክራል። ውሻውን ሰው ፈልጎ ካገኘው በኋላ፣ ልክ እናንተ ዛሬ የቆማችሁበት ቦታ ላይ፣ “በምን ልወቅ?” ለሚል ሰው መልስ ይሆናል። ማንበቢያው አንገቱ ላይ ያልፋል፣ ቁጥሩ ይወጣል፤ እርስዎ ከቦርሳዎ የክትባት ካርዱን አውጥተው ያንኑ ቁጥር ከነተለጠፈበት ቀንና ከክሊኒክ ማኅተም ጋር ያሳያሉ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ክርክሩ ከባድ አይሆንም።

ይህ ለምን ያስፈልጋል ካሉ፣ የገራዶ ገበሬ በሬው ቢጠፋበት “ቡሬ ነው፣ ግራ ጆሮው የተሰነጠቀ፣ ቀኝ ቀንዱ ወደ ፊት የታጠፈ” ብሎ ገበያ ላይ ይጣራል፤ የሰማ ሁሉ ያውቅለታል። ጀርመን ሸፐርድ ግን ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቡናማ፣ ጆሮው የቆመ ነው። ያኛውም እንደዚያው ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ስንት መቻል የሚመስል ውሻ እንደማይ ልነግርዎ አልችልም። ከሩቅ አይቼ የእገሌ ነው ብዬ የማልኩበት ውሻ ስጠጋው የሌላ ሰው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዘሩ ውድ ስለሆነ ይሰረቃል፤ ስለሚመሳሰል ደግሞ ለመካድ ይመቻል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ሰዎች አንድ ጥቁር ውሻ በገመድ ይዘው ክሊኒካችን መጡ። አንዱ የሆጤ አዛውንት ናቸው፤ “የኔ ነው፣ ከቡችላ ያሳደግኩት” ይላሉ። ሌላው ከሰኞ ገበያ በኩል የመጣ ወጣት ነው፤ እሱም የኔ ነው ይላል። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል፤ ውሻው መካከል ላይ ጆሮውን ጥሎ ቆሟል። ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ በጎኑ አስተኛሁትና የቀኝ ኋላ እግሩን ከፈት አደረግኩ። ውስጥ ጭኑ ላይ ፀጉር ያልበቀለበት፣ የጣት ርዝመት ያለው ነጭ ጠባሳ አለ። ስፌቱን አወቅኩት፤ የኔ እጅ ነው። መዝገቡን አወጣሁ፤ የአዛውንቱ ስም፣ ቀኑ፣ “በቆርቆሮ የተቀደደ፣ የቀኝ ኋላ እግር ውስጥ ጭን፣ 7 ስፌት” ይላል። ገጹን ለሁለቱም አሳየኋቸው። ወጣቱ አንብቦ ጨረሰ፣ ገመዱን ከእጁ ፈትቶ ለሽማግሌው አቀበለና ምንም ሳይናገር ወጣ። ያ ውሻ ቺፕ አልነበረውም። ቺፕ የሚሠራውን ሥራ የሠራው ጠባሳውና አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሁሉም ውሻ ግን ቆርቆሮ አይቀደውም፤ ደግሞም አይቅደደው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ በጦርነቱ ከተማዋን ጥለን ስንወጣ የሆነውንም አልረሳውም። ብዙ ቤተሰብ ልጅና አሮጊት ተሸክሞ በእግሩ ሲወጣ ውሻውን ፈትቶ ለቆ ነው የሄደው፤ ሌላ ምን ያድርግ? ከተመለስን በኋላ ውሻው የሌላ ሰው ደጅ ላይ የተገኘ፣ ያጎረሰው ሰው አልሰጥም ያለ፣ ባለቤቱም ማስረጃ ያጣ ስንቱ ነበር። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ያኛው አሳድጎታል፣ ይኸኛው ከረሃብ አድኖታል። ከዚያ ወዲህ ነው የክትባት ካርድ ላይ የእንስሳውን ፎቶ መለጠፍ የጀመርኩት።

ያማል ወይ ብለው ጠይቀዋል። መርፌው ከክትባት መርፌ ወፈር ያለ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ይወጋዋል፣ ያም አንድ ቅጽበት ነው። ማደንዘዣ አያስፈልግም። እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎ፤ ሌላ ቦታም ብታሠሩ አሠራሩን አይታችሁ ትክክል መሆኑን ታውቃላችሁ። ከሁሉ በፊት ማንበቢያው ውሻው ላይ ያልፋል፤ ቀድሞ የገባ ቺፕ ካለ ሁለተኛ አይጨመርም። ቀጥሎ አዲሱ ቺፕ ገና ፓኬቱ ውስጥ ሳለ ይነበባል፤ የሚወጣው ቁጥር ፓኬቱ ላይ ካለው ተለጣፊ ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። ከዚያ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ያለው ቆዳ ተነስቶ እንደ ድንኳን ይያዛል፣ መርፌው ይገባል፣ ይገፋል፣ ይወጣል። ቦታው ላይ በጣት ተጫን ይደረጋል። መጨረሻ ላይ እንደገና ይነበባል፤ አንዳንዴ ቺፑ ገብቷል ሲባል ፀጉር ውስጥ ወድቆ ይገኛልና ይህች የመጨረሻዋ ንባብ መዘለል የለባትም። ማንበቢያው ጢጥ ብሎ 15ቱ አሃዞች ትንሿ መስኮት ላይ ሲደረደሩ እርስዎም በዓይንዎ ያንብቡ፤ ከካርዱ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ለልጅዎ ይስጡት፤ ልጆች ሲያመሳክሩ አይሳሳቱም።

አልፎ አልፎ ቺፑ ከተተከለበት ወደ ትከሻ ወይም ወደ ፊት እግር ይንሸራተታል። ጉዳት የለውም፤ ብቻ የሚያነብ ሰው ትከሻ መካከል ሞክሮ አጣሁ ብሎ እንዳይተው። ማንበቢያውን በዝግታ፣ ከአንገት እስከ ሁለቱ የፊት እግሮች እያዞረ ማሳለፍ አለበት፤ የብረት ሰንሰለትም ካለ ንባቡን ስለሚረብሽ ይፈታ። ከዚህ የከፋ ችግር፣ እንደ ማመርቀዝ ወይም ቦታው ላይ ዕጢ መውጣት፣ ተመዝግቦ ያውቃል፤ ግን በጣም ብርቅ ነው።

ስለ ቁጥሩ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 11784 እና 11785 ይባላል፤ በዚህ ደረጃ የተሠራ ቺፕ 15 አሃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወይ የአገር መለያ ናቸው፣ የኢትዮጵያ መለያ 231 ነው፤ ወይ ከ900 እስከ 998 ያለ የአምራች መለያ ናቸው። በ999 የሚጀምር ቺፕ ካመጡላችሁ አትቀበሉ፤ እሱ ለሙከራ የተተወ ቁጥር ነው፣ ሌላ እንስሳ ላይ እንደማይደገም ማንም ዋስትና አይሰጥም። 9 ወይም 10 አሃዝ ብቻ ያለውም የቆየ ዓይነት ስለሆነ ብዙ ማንበቢያ አያገኘውም። ርካሽ ነው ተብሎ ከሻንጣ ነጋዴ የሚገዛ ቺፕ ላይ ይህን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ውጭ የሚሄዱ እንስሳትን የሚያዘጋጁ ክሊኒኮች ቺፕ ይተክላሉ። እኔ ደግሞ እዚሁ ደሴ ለሚፈልግ አስመጥቼ እተክላለሁ፤ ማንበቢያውም አለኝ። የትም ብታሠሩ ቁጥሩ አራት ቦታ ይኑር፦ ተለጣፊው ክትባት ካርዱ ላይ፣ አንዱ ክሊኒኩ መዝገብ ውስጥ፣ አንዱ እርስዎ ጋ ከቤት ካርታው ጋር፣ ፎቶው ደግሞ ውጭ አገር ያሉት ዘመዳችሁ ስልክ ላይ። ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት መዝገቦችም አሉ፤ እነሱ ላይ መጨመር ይቻላል፣ እነዚህን አራቱን ግን አይተኩም።

ቺፕ ስላለው የአንገት ማሰሪያው አይውለቅ። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመቀነስ ዘመቻ ሲወጣ የሚታየው አንገቱ ነው፤ ቆዳው ሥር ያለውን ማንም አያይም። ማኅተም የሚቀርጹ ሰዎች ትንሽ ናስ ላይ ስልክ ቁጥር ይቀርጹላችኋል። ጨዋ ሰው ካገኘው በዚያ ይደውላል፤ ማንበቢያ አያስፈልገው።

አሁን ወደ መቻል። ልጅዎን ሲያይ ያደረገው ለእኔ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ግን ወረቀት ይጠይቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ የያዘ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል ይላል፤ ስለዚህ ማስረዳቱ እናንተ ላይ ይወድቃል። ግምቱ በማስረጃ ይፈርሳል። የተሰረቀ ነገር ደግሞ ሳያውቅ የገዛ ሰው እጅ ቢገባም ባለቤቱ መሰረቁን ካስረዳ ሊያስመልሰው የሚችልበት መንገድ አለ። የሕጉን ዝርዝር ጠበቃ ይንገራችሁ፤ እኔ ከእንስሳው በኩል ያለውን ላሟላ።

ዛሬውኑ የክትባት ካርዱን ፈልጉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሰጠው ክሊኒክ መዝገቡ ውስጥ የውሻውን ፆታ፣ ቀለምና ዕድሜ ጽፎ ይሆናልና ግልባጭ ጠይቁ። ስልካችሁ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ሰብስቡ፤ በተለይ ቀናቸው የሚታየውንና ከልጅዎ ጋር የተነሳበትን። ከዚያ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ሌላ ሰው የማያውቀውን ምልክት ይጻፍ፦ የተሰበረ ጥርስ፣ የጎደለ ጥፍር፣ የምላስ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ፀጉር ተገልጦ የሚታይ ጠባሳ፣ ሆዱ ላይ ያለ ነጭ። ምልክቱን ውሻው ፊት ከመቆማችሁ በፊት ጽፋችሁ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌው አስረክቡ፤ ከዚያ ባለሙያ ባለበት ይታይ። አስቀድሞ የተጻፈ ምልክት ሲገኝ ክብደቱ ሌላ ነው። ጎረቤት ሁለት ምስክር ይያዙ።

ለኮምቦልቻው ሰው ግን ሌባ አትበሉት። ገንዘቡን ከፍሎ የተታለለ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ እሱም እንደናንተ ተበድሏል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ እሱ የሚያከብራቸው ሁለት የሠፈሩን ሽማግሌዎች ይዛችሁ ሂዱና ካርዱንና ፎቶውን አሳዩት። ከማን እንደገዛው ይጠይቁት። ሻጩን ማወቅ ለፖሊስ ከውሻው በላይ ያስፈልጋል፤ ያ ሰው የሰረቀው የናንተን ብቻ ላይሆን ይችላል። እኔ ካየኋቸው እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ብዙዎቹ ክስ ሳይደርሱ በሽማግሌ ነው ያለቁት።

አንድ የምፈራው ነገር አለ፤ በደስታ ውስጥ እንዳይረሳ። መቻል ሦስት ሳምንት የማናውቀው ቦታ፣ ከማናውቃቸው ውሾች ጋር ነው የቆየው። የእብድ ውሻ በሽታ ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው የሚታየው። ስለዚህ ሲመለስ ከልጆቹ ጋር ከመልቀቃችሁ በፊት አምጡትና ቆዳውን ለንክሻ ምልክት ልመርምረው፤ ክትባቱ ጊዜው ያላለፈ ቢሆን እንኳ እደግምለታለሁ። ከዚያ በኋላም ለወራት ጠባዩን ተከታተሉ፦ ሳይታወቅ መነካከስ፣ ድምፁ መለወጥ፣ ምራቅ ማዝረብረብ፣ ጨለማ ፈልጎ መደበቅ። ማንንም ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ። ነጭ ሽንኩርትም ሌላም ነገር አይደረግበት። ውሻው አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ሰውን ማዳን እንደማይቻል ስለማውቅ ነው ይህን ያህል የማስጨንቃችሁ።

ዘመዳችሁ አንድ ቀን ውሻውን ልውሰደው ካሉ ደግሞ ቅደም ተከተሉ አይሳሳት፤ ቺፑ ይቀድማል ወይም ከክትባቱ ጋር በአንድ ቀን ይገባል። ከቺፕ በፊት የተሰጠን የእብድ ውሻ ክትባት የአውሮፓ ኅብረት አይቆጥረውም። ከእኛ አገር ለሚሄድ እንስሳ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰዳል፣ ኅብረቱ በተቀበለው ላቦራቶሪ ይመረመራል፣ ከዚያ ሦስት ወር ይጠበቃል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለሚገባ ውሻ ሁሉ ቺፕና ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜ ትጠይቃለች። ክትባቱ ቀድሞ ቺፑ ኋላ ገብቶ ሁሉንም እንደ አዲስ የጀመሩ ቤተሰቦች አይቻለሁ።

ድመቶቹን በተመለከተ አሠራሩ ያው ነው፤ ማጅራታቸው ተይዞ በአንድ ቅጽበት ያልቃል። ደሴ ላይ ግን ድመት ሲሰረቅ እምብዛም አላይም፤ ድመት ራሱ ነው የሚሄደው። ያጎረሰው ቤት ሁሉ ቤቱ ነው፣ የሚያባርረውም ሰው ጥቂት ነው። ወንዱ ካልተኮላሸ ሴት ፍለጋ ሳምንት ይጠፋል፤ መኪና የሚገጨውም ያኔ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለሁለቱም ነገር የማይበቃ ከሆነ ለድመቶቹ ማኮላሸቱን ላስቀድም፤ ለመቻል ግን ቺፑን።

አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። ውሻው በስምዎ ሲመዘገብ ኃላፊነቱም በስምዎ ነው። እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አምልጦ ቢያደርሰውም እንኳ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 መሠረት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። የግቢው በር መቀርቀሪያ ዛሬ ይሠራ።

ይዛችሁት ስትመጡ ከምንም በፊት ማንበቢያውን አንገቱ ላይ አሳልፋለሁ። ባዶ ከሆነ ቁጥሩን በዚያው ቀን እንሰጠዋለን፣ ክትባቱንም አብረን እንደግማለን። ልጅዎ አብሮ ይምጣና ቆዳውን መርምሬ ከጨረስኩ በኋላ ጭንቅላቱን ይያዝልን፤ እሱ ካለ መቻል ዝም ብሎ ይቆማል።